«መታሁት! ግን የቱ ጋ?» የምት ቦታ ሕግ በሚና ጨዋታ ውስጥ እንዴት ይሠራል

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል። ቡናው ከአቦል አልፎ ቶና ላይ ደርሷል። አንዱ ጓደኛችን ዳይሱን ወረወረና «መታሁት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የቱ ጋ ነው ግን የመታሁት?»

መልስ አልነበረኝም። የምንጫወትበት ሕግ «አምስት ነጥብ ቀንስ» ይላል፤ ስለ ቦታ የሚለው ነገር የለም። ከአፌ እንደመጣልኝ «ትከሻው ላይ» አልኩት። «እንግዲያው ጋሻውን ይጣላ!» አለ። ሌላዋ ተቃወመች። «ለምን ይጥላል? የቀነሰው ነጥብ ነው።» ክርክሩ ከውጊያው ረዘመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ሳነብና ስሞክር ቆይቻለሁ። የምት ቦታ ሕግ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሰው አካል ሥዕል፣ በየቦታው ቁጥር፣ አለቀ። ውስጡ ግን ብዙ ነገር አለ። ጨዋታውን ለማያውቅም ግልጽ እንዲሆን ከመነሻው ልጀምር።

የሚና ጨዋታ ምንድነው?

አያት ተረት ስትነግር አስቡ። «ተረት ተረት» ትላለች፤ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። አሁን ከልጆቹ አንዱ መሃል ላይ ገብቶ «እኔ ፍየሏን ብሆን በሩን አልከፍትም» የማለት መብት ተሰጠው እንበል። አያትም ተረቱን በዚያው መንገድ ትቀጥላለች። የሚና ጨዋታ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰው ዓለሙን ይተርካል፤ እሱን አጫዋች እንበለው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛሉ፤ የሚያደርገውንም እነሱ ይወስናሉ። ይሳካ አይሳካ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል።

የኛ ታሪክ የሚካሄደው በድሮ ዘመን ጣና ላይ ነው። ገጸ ባሕሪዎቻችን ከዘጌ ተነስተው በታንኳ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገሩ ተጓዦች ናቸው። ሽፍታ ይገጥማቸዋል። ጉማሬ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ መመታታት አይቀርም።

ነጥብ መቀነስ ብቻ ምን ይጎድለዋል?

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አሳተሙ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አባት እሱ ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ የሕይወት ነጥብ አለው። የቪዲዮ ጌም ልጆች «ላይፍ» የሚሉት ማለት ነው። በተመታ ቁጥር ይቀነሳል። ዜሮ ሲሆን ይወድቃል።

እንደ ሞባይል ካርድ ሂሳብ ነው። 50 ብር ቢኖርህም 2 ብር ቢኖርህም ስልኩ እኩል ይደውላል፤ የሚቋረጠው ሲያልቅ ነው። ገጸ ባሕሪውም እንደዚያው። 30 ነጥብ ያለውና 1 ነጥብ የቀረው እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ይመታሉ።

ይህ ስህተት አይደለም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአጫዋቾች ባዘጋጀው መመሪያ ነጥቡ ሥጋና ደም ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ችሎታውም፣ ዕድሉም ውስጡ አለ። ነጥብ ሲቀነስ የግድ ሥጋ ተቆርጧል ማለት አይደለም። ለጥቂት ስቶት ይሆናል፤ ደክሞት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ «የቱ ጋ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም። ደግሞም ፈጣን ነው። አንድ ቁጥር ቀንሰህ ታልፋለህ።

ግን የሰው ልጅ ይጠይቃል። ጓደኛዬ እንደጠየቀው። ጨዋታው ከወጣ ገና በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ብላክሙር በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ የምት ቦታ ሕግ ገባ። ጥያቄው የጨዋታውን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ቦታው በምን ይታወቃል?

በሰፊው የታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሌላ ዕጣ መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሩንክዌስት የተባለ ጨዋታ ይህን በደንብ አሳወቀው። ከመታህ በኋላ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላለህ። ከ1 እስከ 4 ቀኝ እግር፣ ከ5 እስከ 8 ግራ እግር፣ ከ9 እስከ 11 ሆድ፣ 12 ደረት፣ ከ13 እስከ 15 ቀኝ ክንድ፣ ከ16 እስከ 18 ግራ ክንድ፣ 19 እና 20 ራስ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ነጥብ አለው። ከአዘጋጆቹ ዋናው ስቲቭ ፔሪን የጥንት ውጊያን በጋሻና በዱላ እያስመሰለ የሚጫወት ማኅበር መሥራቾች ውስጥ ነበረበት። እጅና እግር ምን ያህል ቶሎ እንደሚመታ በራሱ አካል አይቷል። ሠንጠረዡን ተመልከቱ፤ እግሮቹ ብቻ ከመቶ 40 ወስደዋል። ደረት አንድ ቁጥር ብቻ ነው የደረሰው።

ሁለተኛው ማለም፣ ማለትም ማነጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ገርፕስ ተጫዋቹን «የት መምታት ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ከባድ ቦታ ከመረጥክ ችሎታህ ይቀነሳል። ለክንድ 2፣ ለራስ ቅል 7፣ ለዓይን 9 ነጥብ። የምትጥለው ሦስት ተራ ዳይስ ነው፤ ድምሩ ከችሎታህ ካልበለጠ መታህ። ችሎታህ 12 ከሆነ ዝም ብለህ ብትሰነዝር ከመቶ 74 ያህል ትመታለህ። ክንድ ብታልም 50 ይሆናል። ራስ ቅል ብታልም ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ሰባት ነጥብ የሚያስከፍለው ዋጋ ይታያል። ዋጋው ርካሽ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ራስ ራስ ይል ነበር።

ሦስተኛው የምወደው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕሌይ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ችሎታህ 35 ነው እንበል። ከ1 እስከ 100 የሚያወጣ ዕጣ ትጥላለህ። 35 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ መታህ። 27 ወጣልህ። መታህ! አሁን ቁጥሩን ገልብጠው፤ 72 ሆነ። ሠንጠረዡ ላይ 72 የሰውነት ግንድ ነው። ሌላ ዳይስ አያስፈልግም። አንዱ ዕጣ ሁለት ጥያቄ መለሰ።

ለምን ይገለበጣል? ሳይገለበጥ ቢነበብ ምን እንደሚሆን አስቡ። ባለ 35 ችሎታ ሰው የሚመታው ከ35 በላይ ባልሆነ ቁጥር ብቻ ነው። በሠንጠረዡ ትናንሾቹ ቁጥሮች ራስ ናቸው፣ ቀጥሎ ክንድ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ተዋጊ ራስና ክንድ እንጂ እግር መምታት የማይችል ሰው ይሆናል። ሲገለበጥ ግን የመጨረሻው አሃዝ ፊት ይመጣል። የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ችሎታህ ምንም ይሁን ከሞላ ጎደል በእኩል ዕድል ነው የሚመጣው። አድልዎው ጠፋ። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ኖሮ ቡና እጋብዘው ነበር።

የሉዶ ዳይስ ብቻ ቢኖረንስ?

ባሕር ዳር ላይ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ዞሬ ዞሬ አላገኘሁም። ስልክ ላይ የሚጥል አፕ አለ፤ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል የሚያየው ሰው ትንፋሹን የሚይዘው ለእውነተኛ ዳይስ ነው። ስለዚህ ሕጋችንን በሁለት የሉዶ ዳይስ ሠራነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ዳይስ ሲደመር ቁጥሮቹ እኩል ዕድል የላቸውም። ሁለቱ ዳይሶች 36 ዓይነት አወጣጥ አላቸው። 7 የሚመጣው በስድስቱ ነው። 2 የሚመጣው ግን በአንዱ ብቻ፤ ሁለቱም 1 ሲሆኑ። መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጭን ናቸው። እንደ ሰው አካል ማለት ነው።

ስለዚህ ደረትን 7 ላይ አስቀመጥነው። 6 ቀኝ ክንድ፣ 8 ግራ ክንድ። 5 ቀኝ እግር፣ 9 ግራ እግር። 4 እና 10 ሆድ። 3 እና 11 ትከሻ። 2 እና 12 ራስ። ሲቆጠር ራስ ከ36ቱ ሁለቱን አገኘ፤ ከ18 ምት አንዱ። ደረት ከስድስት አንዱ። አንድ ወረቀት ላይ ሰው ሥለን ቁጥሮቹን ጻፍንበት። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ወረቀቱን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

የዱላና የጦር ምት አንድ ነው?

አንድ ጎረቤታችን አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ያደጉት ሜጫ ነው። ዱላ በእጃቸው እንደ ብዕር ነው የሚሽከረከረው። አንድ ቀን በበረንዳው ሲያልፉ ሥዕሉን አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁን። ነገርናቸው። ቁጭ አሉ።

«ይሄ ለጦር ይሆናል» አሉን። «ጦር ግንድ ነው የሚፈልገው። ዱላ ግን ከላይ ነው የሚመጣው ልጆቼ። መጀመሪያ ጭንቅላትህን ይፈልጋል። ስትመክተው ደግሞ ክንድህ ያገኘዋል። እግሩን በዱላ የተመታ ብዙ አላየሁም፤ የተመታም ካለ ሲሸሽ ነው።»

ልክ ነበሩ። ሩንክዌስትም በኋለኛ እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ለቀስትና ለውርወራ ሌላ ሠንጠረዥ አድርጓል፤ ደረት እዚያ በጣም ይሰፋል። እኛም ለዱላ ሁለት ነገር ብቻ አለዋወጥን። ራስና ደረት ቦታ ተቀያየሩ። ትከሻና እግርም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ዱላ ራስ የሚያገኝበት ዕድል ከ18 አንድ መሆኑ ቀርቶ ከስድስት አንድ ሆነ። ሦስት እጥፍ! እግር ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። ሌላው ቁጥር አልተነካም፤ ስለዚህ በቃል ለመያዝ አያስቸግርም። መሣሪያው የሚመታበትን መንገድ ሠንጠረዡ እንዲያውቅ ማድረግ ለኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ጣዕም ነው። ዱላ የያዘ ሰው ሲመጣ ተጫዋቾቹ አሁን ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጋሻም በዚሁ ይሄዳል። ጋሻ የሚያዘው በግራ ነው። ግራ ክንድ ሲወጣ ምቱን ጋሻው ይቀበለዋል አልን። በቃ፣ ሌላ ሕግ አላስፈለገም።

ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ቢመታስ?

ይህ ያልጠበቅነው ጥያቄ ነበር፤ ብዙ ያስተማረንም እሱ ነው። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ሰውየው ውስጡ ተቀምጧል። ዳር የቆመ ሽፍታ ጦር ወረወረበት። ዳይሱ 5 አለ፤ ቀኝ እግር። እግሩ ግን ከደንገሉ በታች ነው፣ አይታይም። ምን እናድርግ?

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «እንደገና ጣል» የሚል ነው። እኛም እንደዚያ አደረግን። ስህተት ነበር። ለምን? እግሮቹ ከ36ቱ ስምንቱን ይዘዋል። እነሱ በወጡ ቁጥር እንደገና ከጣልን፣ ስምንቱ ለሌሎቹ ቦታዎች ይከፋፈላል። ራስም ድርሻውን ያገኛል። ከ18 አንድ የነበረው ከ14 አንድ ይሆናል። ሰውየው ከለላ ውስጥ በመቀመጡ ራሱ ይበልጥ መመታት ጀመረ! ከለላ ሊጠቅመው ሲገባ ጎዳው።

ትክክለኛው መንገድ የተሸፈነ ቦታ ሲወጣ ምቱን ለሸፋኙ መስጠት ነው። እግር ወጣ? ጦሩ ደንገሉ ላይ ተሰካ። ሰውየው ምንም አልሆነም። ራስ እዚያው ከ18 አንድ ላይ ቆየ፤ የሚደርስበት ጉዳት በጠቅላላው ቀነሰ። ከአጥር ጀርባ ለቆመም፣ ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ለገባም ይኸው ይሠራል። ለጉማሬም። ውኃ ውስጥ ያለ ጉማሬ የሚታየው ጭንቅላቱና ጀርባው ነው፤ እግር ከወጣ ጣናን ነው የወጋኸው።

ከተመታ በኋላስ ምን ይሁን?

ቦታውን ማወቅ ብቻውን ምንም አይደለም። «ግራ ክንዱን መታኸው፤ አምስት ነጥብ ቀንስ» ከሆነ ተጨማሪ ዳይስ የጣልነው በከንቱ ነው። ቦታው ተጫዋቹ ቀጥሎ የሚያደርገውን ነገር መቀየር አለበት። ካልቀየረ ሕጉ ይውጣ ባይ ነኝ።

አንዳንድ ጨዋታዎች ለየቦታው ረጃጅም የጉዳት ሠንጠረዥ አላቸው፤ የትኛው አጥንት፣ ስንት ቀን መተኛት። ማንበቡ ደስ ይላል። ጠረጴዛ ላይ ግን ጨዋታው ቆሞ መጽሐፍ ይገለጣል። እኛ ለየቦታው አንድ ነገር ብቻ አደረግን። ክንድ፣ የያዝከው ይወድቃል። እግር፣ የምትራመደው በግማሽ ይቀንሳል። ትከሻ፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ደረት፣ የሚቀነሰው ነጥብ በሁለት ይጨምራል። ሆድ፣ ውጊያው ካለቀ በኋላ ካልታከምክ ትደክማለህ። ራስ፣ ተራህን ታጣለህ፤ ነጥብህ ከግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ ትወድቃለህ።

«ችሎታው ይቀንሳል» የሚል ነገር ሆን ብለን ትተናል። የቆሰለ ሰው ችሎታው ከቀነሰ መምታት ያቅተዋል፤ መምታት ካቃተው ጠላቱ አይሞትም፤ ጠላቱ ካልሞተ እንደገና ይቆስላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። መጀመሪያ የተመታው ወገን ያኔውኑ ተሸነፈ፤ የቀረው ግማሽ ሰዓት መሰቃየት ብቻ ነው። ዱላው የወደቀበት ሰው ግን አሁንም ምርጫ አለው። ጎንበስ ብሎ ያንሳው? በግራው ይታገል? ይሽሽ?

ማነው በመጨረሻ የሚጎዳው?

ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ሽፍታው አንድ ውጊያ ብቻ ነው የሚኖረው። የኛ ገጸ ባሕሪዎች ግን በየሳምንቱ ይዋጋሉ። ስለዚህ ዳይሱ ላይ ያለ ማንኛውም አልፎ አልፎ የሚመጣ ክፉ ዕጣ ቀን ጠብቆ እነሱን ያገኛቸዋል።

እናስላው። ራስ ከ18 ምት አንዱ ነው። አንድ ገጸ ባሕሪ በጥቂት ወራት ውስጥ 20 ጊዜ ቢመታ፣ ቢያንስ አንዴ ራሱን የመመታት ዕድሉ ከመቶ 68 ነው። ራስ ማለት ሞት ቢሆን ኖሮ ከሦስት ተጫዋቾች ሁለቱ ገጸ ባሕሪያቸውን ይቀብሩ ነበር። «ከ18 አንድ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። አይደለም።

መፍትሔያችን ቦታውን ለከባድ ምት ብቻ መጠየቅ ሆነ። የጉዳት ዳይሱ፣ ማለትም ስንት ነጥብ እንደሚቀነስ የሚወስነው ዳይስ፣ 5 ወይም 6 ካወጣ ብቻ ነው «የቱ ጋ?» የምንለው። ከዚያ በታች ከሆነ ነጥብ ቀንሰን እናልፋለን። አሁን ያ 68 ወደ 31 ወረደ።

ጊዜም አተረፍን። በአንድ ዙር ውስጥ አሥር ምት ቢኖር፣ ቦታ መፈለጉም በእያንዳንዱ ላይ 20 ሰከንድ ቢጨምር፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። አምስት ዙር ሲሆን ከሩብ ሰዓት በላይ ነው። ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ያወጣል። ከሦስት ምት አንዱን ብቻ ስንጠይቅ በዙር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል።

ሕጉ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ከጨዋታው በፊት ብቻችሁን ተቀመጡና አሥር ውጊያ ተዋጉ። ሁለቱንም ወገን እናንተው ሁኑ። ስንት ዙር እንደፈጀ፣ ማን በየት ተመትቶ እንደወደቀ ጻፉ። እኔ ይህን ሳደርግ ነው የታንኳውን ስህተት የያዝኩት። ሰዎች ፊት ቢሆን ኖሮ «ዕድል ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጆሯችሁን ስጡ። ተጫዋቾቹ ከተመቱ በኋላ የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል ምንድነው?

ባለፈው ቅዳሜ ገጸ ባሕሪዎቻችን ወደ ደብረ ማርያም እየተሻገሩ ነበር። ንፋስ ተነስቷል። ከኋላ ሆና የሚቀዝፉበትን ቀርከሃ የያዘችው ያቺ የመጀመሪያ ቀን «የቀነሰው ነጥብ ነው» ያለችው ጓደኛችን ናት። ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል መሃል የተደበቀ ሽፍታ ጦር ወረወረ። መታ። የጉዳት ዳይሱ 5 አወጣ። ሁለቱን የሉዶ ዳይሶች ጣልኩ። 5 እና 3። ስምንት፤ ግራ ክንድ። ጋሻ አልያዘችም።

ቀርከሃው ውኃው ውስጥ ወደቀ። ታንኳው ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አቅጣጫ። ስንት ነጥብ ቀረሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልቆጠረችም። ጠረጴዛውን በመዳፏ ይዛ ዞር ዞር ብላ አየችንና «ዋና የሚችል ማነው?» አለች።